ወፏን ሳያነሱ ፎቶ ማንሳት

በከተማችን አነጋገር ‹‹ወፍ የለም›› ማለት ምን እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ብር ተበድሮ የጠፋውን ሰው ያገኘው ሁሉ፣ ‹‹እሺ፣ መለሰልህ?›› ሲባል መልሱ ‹‹ወፍ የለም!›› ነው። ሥራ ፍለጋ ሲዞር የዋለውም ማታ ቤቱ ሲገባ የሚላት ይህችኑ ነው። ይህችን ቃል እንደ ቀልድ ሊናገራት የማይችል አንድ ባለሙያ ግን አለ። የወፍ አስጎብኚ ይባላል። ከሩቅ አገር ተነስቶ፣ ከፍሎ፣ ካሜራውን ደግኖ ለቆመ ሰው ‹‹ዛሬ ወፍ የለም›› ማለት ለእሱ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

የዛሬው ጨዋታችን ግን ከዚህም ስለ ከበደው ነው። ወፏ አለች። እዚያው ቅርንጫፉ ላይ ወይም ሣሩ ውስጥ ትታያለች። ካሜራው ዝግጁ ነው፤ ብርሃኑም አምሯል። አስጎብኚው ግን ‹‹በቃ፣ ይብቃን፤ እንሂድ›› ማለት ያለበት ጊዜ አለ። ለመሆኑ በሰው ገንዘብ የሚኖር ሰው፣ ገንዘቡን ለሚሰጠው ሰው ‹‹አይሆንም›› የማለት ግዴታ አለበት? ካለበትስ ግዴታው የእሱ ብቻ ነው?

ነገሩን ላልሰማ ሰው ባጭሩ እንዲህ ነው። ወፍ ለማየትና ፎቶዋን ለማንሳት ብሎ አገር የሚያቋርጥ ሰው በዓለም ላይ ብዙ ነው። አገራችን ደግሞ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት የሚታይባት ናት፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የሉም። ያቤሎና አካባቢውን ለቃ የማትሄድ አንዲት የቁራ ዘመድ አለች። ነገሌ ቦረና አጠገብ ባለው የሊበን ሜዳ ሣር ውስጥ ለውስጥ የምትኖር፣ ቁጥሯ እያነሰ አዋቂዎችን የሚያሳስብ አንዲት ትንሽ ወፍም አለች። ስለዚህ ሰዎቹ ይመጣሉ። ካሜራ ያነገቱ የራሳችን ልጆችም አሉበት። አንድ መኪና፣ አንድ ሹፌር፣ አንድ አስጎብኚ፣ አምስት ስድስት ደንበኛ። ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ይነሱና ጎህ ሲቀድ ቦታቸው ይደርሳሉ። ወፍ የሚንጫጫው በማለዳ ነው፤ ለፎቶ የሚሆነው ለስላሳ ብርሃንም ያኔ ነው።

ጉዞው ‹‹ለጀማሪም ለባለሙያም›› ተብሎ ነው የሚዘጋጀው። በአንድ መኪና ውስጥ ስልኩን ብቻ የያዘ ጀማሪና ክንድ የሚያህል ሌንስ የተሸከመ ሰው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሁለቱም ሳይከፉ መመለስ አለባቸው። ይህ የሚቻልበት ቦታ ሞልቷል። ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የሄደ ሰው አባ ኮዳን ያውቀዋል። አባ ኮዳ ሰው አይፈራም፤ እንዲያውም የዓሣ አንጀት ካልተወረወረለት የሚቀየም ነው የሚመስለው። በስልክም፣ በትልቅ ካሜራም፣ በልጅ እጅም ፎቶ ይነሳል። ደብረ ሊባኖስ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ሰውም፣ ትልልቆቹ አሞሮች በዓይኑ ትክክል ክንፋቸውን ዘርግተው ሲያልፉ ያያል። እነሱን ማንም አልረበሻቸውም። ማለፊያቸው ነው፤ ያልፋሉ።

ጭንቁ የሚመጣው በሌሎቹ ወፎች ላይ ነው። እንቁላል የታቀፈችው፣ ጫጩት የምታጎርሰው፣ ቀን ተኝታ ሌሊት የምታድነው ጉጉት፣ ቁጥሯ ተመናምኖ በጣት የምትቆጠረው። እዚህ ላይ ጀማሪውም ባለሙያውም፣ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ፈተና ይሆናል። ጀማሪው ሌንሱ አጭር ስለሆነ መጠጋት ይፈልጋል። ባለሙያው መጠጋቱ ባያስፈልገውም መቆየት ይፈልጋል፤ ክንፏን እስክትዘረጋ፣ ትሉን ይዛ እስክትመጣ፣ ጫጩቷ አፏን እስክትከፍት። አንዱ በቅርበት፣ ሌላው በሰዓት ብዛት ያስጨንቃታል። ‹‹ባለሙያው ያውቃል፣ ጥፋቱ የጀማሪው ነው›› የሚባለው ስለዚህ ሁልጊዜ እውነት አይደለም።

እስቲ አንድ ማለዳ በሐሳባችን እንፍጠር። ቦታው ባሌ፣ ሰነቴ አምባ ይሁን፤ ከባሕር ወለል 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ደረቷ ነጠብጣብ የሆነ፣ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የምትኖር ባለ ረጅም እግር ወፍ መሬት ላይ እንቁላሏን ታቅፋለች። ጎጆዋ የረባ ጎጆ እንኳ አይደለም። አስጎብኚው ቀድሞ አያት። ደንበኞቹም የእሱን ዓይን ተከትለው አዩዋት። ‹‹ትንሽ ጠጋ እንበል?›› አለ አንዱ። ጠጋ አሉ። ወፏ አንገቷን ቀጥ አደረገች። ሌላ ሦስት እርምጃ። ተነሳች፤ እየጮኸች ከበላያቸው መዞር ጀመረች። ‹‹ዋው! ስትበር አገኘኋት!›› አለ ሁለተኛው።

አሁን መሬት ላይ የቀረው እንቁላል ነው። በዚያ ብርድ የእናቱ ሙቀት የተነሳው እንቁላል መቀዝቀዝ ይጀምራል። ቆላ ቢሆን ደግሞ ፀሐዩ ይቀቅለው ነበር። ትንሽ ራቅ ብሎ ቁራ ተቀምጧል። ቁራ ብልህ ነው፤ ሰዎቹ የቆሙበትን፣ እናቲቱ የምትዞርበትን ያያል። ሰዎቹ የረገጡት ሣርም ተኝቶ ይቀራል፤ ኋላ ለሚመጣው ቀበሮ መንገድ ጠራጊ ነው። ደንበኞቹ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ፎቷቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ እዚያ ምን እንደሆነ አንዳቸውም አያዩም። ማንም በክፋት አልሄደም። ሁሉም ወፍ ወዳጆች ናቸው፤ ያን ያህል ገንዘብና እንቅልፍ የሰዉትም ስለሚወዷት ነው።

ቋንቋችን እዚህ ላይ ሳያስበው አንድ ቁም ነገር ያቀብለናል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በጠመንጃ መተኮስንና በካሜራ ፎቶ ማንሳትን በአንድ ግሥ ነው የሚጠሩት። እኛ አንተኩስም፤ ‹‹እናነሳለን››። ይህ የደግነት ቃል ይመስላል። ግን ሰውንም ከወንበሩ እናነሳለን፣ ዶሮንም ከእንቁላሏ ላይ እናነሳለን። የወፍ ፎቶ ሥነ ምግባር በሙሉ በዚህች አንድ ግሥ ውስጥ ተጠቅልሎ ያለ ይመስለኛል። ፎቶዋን አንሳ፤ ወፏን አታንሳ። ወፏን ሳታነሳ ፎቶዋን ማንሳት ካልቻልክ ደግሞ ካሜራህን አንሳና ሂድ!

ጠመንጃን ካነሳን አይቀር፣ ካሜራው የጠመንጃ ወራሽ መሆኑም አይካድም። በዱሮ ጊዜ አንድን ወፍ ‹‹አገኘሁ›› ለማለት ገድሎ ቆዳዋን ማምጣት ነበረባችሁ። ጣሊያናዊው ልዑል ኢዩጄኒዮ ሩስፖሊ እ.ኤ.አ. በ1893 በደቡብ አገራችን ሲዞር በዝሆን ተገደለ። ከሰበሰባቸው ቆዳዎች መካከል ማንም የማያውቃት አንዲት የቱራኮ ወፍ ተገኘች፤ እ.ኤ.አ. በ1896 በስሙ ተሰየመች። ከየት እንዳገኛት የሚናገር ማስታወሻ ግን አልነበረም። ቆዳዋ አውሮፓ ገባ፣ አገሯ ሳይታወቅ ብዙ ዓመት ኖረች። ከዚህ አንፃር ካሜራ ትልቅ ምሕረት ነው። ወፏ በሕይወት ትቀራለች፣ ሰውየውም የሚያሳየው ነገር አለው።

የመጀመሪያዎቹ የወፍ ፎቶ አንሺዎችም ቀላል ሰዎች አልነበሩም። ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን የሚባሉ እንግሊዛውያን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1892 የወፍ ጎጆን ከነእንቁላሉ ፎቶ አነሱ። ኋላ ላይ ወፎቹ እንዳይደነግጡ የበሬ ቆዳ ሞልተው፣ ውስጡ ገብተው፣ ካሜራ አጮልቀው ፎቶ ያነሱ ነበር። ኤሪክ ሆስኪንግ የሚባለው ሌላው እንግሊዛዊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1937 የጉጉት ጎጆ አጠገብ ሲደርስ እናቲቱ ዘላ ዓይኑን ቧጨረችው፤ በዚያው ዓይኑን አጣ። ሥራውን ግን አልተወም፤ ስመ ጥር ሆኖ ኖረ። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። ጉጉቷ በበኩሏ ‹‹አይሆንም›› ብላለች። መናገሪያዋ ጥፍሯ ብቻ ነበር። አብዛኞቹ ወፎች ግን ያ ጥፍር የላቸውም። ‹‹አይሆንም›› የሚልላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።

ያ ሰው አስጎብኚው ነው። የወፏን ቋንቋ የሚያውቀው እሱ ነው። የምትበላውን ስታቆም፣ አንገቷን ስታስረዝም፣ አጭር አጭር የማስጠንቀቂያ ድምፅ ስታሰማ፣ ትል በአፏ ይዛ ወደ ጎጆዋ ለመግባት ስታመነታ፣ ክንፏ የተሰበረ መስላ መሬት ለመሬት ስትጎተት፣ ደንበኛው ‹‹እንዴት ደስ ትላለች!›› ይላል። አስጎብኚው ግን ‹‹ሂዱልኝ›› እያለች መሆኑን ያውቃል። የወፍ ወንዱ የሰው ሆዱ አይታወቅም ይላል ያገራችን ሰው። አስጎብኚው የተረቱን ግማሽ አፍርሶታል፤ ወንዱን ከሴቷ በላባዋም በድምፅዋም ይለያል። የቀረው የሰው ሆድ ነው። ችግሩም ያለው እዚያ ነው።

ምክንያቱም የጉርሻው ፖስታ የሚመጣው በመጨረሻው ቀን ነው። ደንበኛው ወደ አገሩ ሲመለስ ለጓደኞቹ የሚያሳየው ፎቶዎቹን ነው፤ ለድርጅቱ የሚጽፈው አስተያየትም በፎቶዎቹ ልክ ነው። ‹‹ሰውየው ጥሩ ነው፣ ግን አያስጠጋም›› ከተባለ የሚቀጥለው ቡድን ለሌላ ይሰጣል። እኩያው አስጎብኚ ደግሞ ያስጠጋል። በስልኩ የወንዱን ዜማ አጫውቶ ወፏን እዚያው እግራቸው ሥር ያመጣታል። ወፉ በግዛቱ ባላጋራ የገባበት መስሎት፣ መብሉን ትቶ፣ ከሌለ ጠላት ጋር ሊጣላ እየተንጨረጨረ ይመጣል። ደንበኞቹ ያጨበጭባሉ። በአሜሪካ ብዙ ብሔራዊ ፓርኮች እንዲህ በድምፅ መጥራት ክልክል ነው። በረሃ መካከል፣ ጉርሻ በሚጠብቅ ሰው ስልክ ላይ ግን የሚከለክል ማን አለ?

‹‹አይሆንም›› የሚለውን ቃል ለሚከፍሉን ሰዎች መናገር ስለዚህ ሁለት ዋጋ ያስከፍላል። አንዱ ጉርሻው ነው። ሌላው ይሉኝታችን ነው። እንግዳ አክባሪ ነን እንላለን፤ እንግዳ ደግሞ የጠየቀው አይነፈገውም። እናቶቻችን ‹‹ያለውን የሰጠ ንፉግ አይባልም›› ይላሉ። ግን ልብ በሉ፤ ‹‹ያለውን›› ነው የሚለው። የወፏ ሰላም የአስጎብኚው ንብረት አይደለም። ከራሱ ሞሰብ ቆርሶ ቢያቀርብ እንግዳ ተቀባይ ነው። የጎረቤትን ዶሮ አርዶ ቢያቀርብ ግን ስሙ ሌላ ነው።

ለዚህ ነገር የሚሰጡት መልሶች አይጠፉም። የመጀመሪያው ‹‹ከፍያለሁ›› ነው። እውነት ነው፤ ከፍለሃል ወዳጄ። የከፈልከው ግን ለአስጎብኚው ጊዜና ዕውቀት፣ ለመኪናው ነዳጅ፣ ለመኝታህ ነው። ወፏ ውሉ ላይ አልፈረመችም። ሁለት ሰዎች ተስማምተው በሦስተኛ ወገን ቤት ላይ መብት ሊሰጣጡ አይችሉም። ይህ ለወፍም ለሰውም ይሠራል።

ሁለተኛው ‹‹አንዲት ፎቶ ምን ትጎዳለች?›› የሚለው ነው። አንዲቷማ ላትጎዳ ትችላለች። ነገር ግን ዛሬ ያንተ ቡድን፣ ነገ የሌላው፣ ከነገ ወዲያ የሦስተኛው ነው። አስጎብኚዎች ይተዋወቃሉ፤ ‹‹ጉጉቷ የትኛው ዛፍ ላይ ናት?›› ተባብለው ይደዋወላሉ። ሌሊቱን ስታድን ያደረች ጉጉት ቀን ተኝታ ማረፍ አለባት። በአንድ ወር ውስጥ ሃያ ቡድን ከሥሯ ቆሞ ብልጭታ ቢያበራባት ሃያውም ‹‹እኛ አንዴ ብቻ ነው ያነሳነው›› ብለው በንጹሕ ኅሊና ይመሰክራሉ። ሃያ ንጹሓን ተሰብስበው አንድ ጥፋት ይሠራሉ ማለት ነው። ‹‹እኔ ብተወው ሌላው ያነሳዋል›› የሚለውም የዚሁ ወንድም ነው። ሌላው ሰው ሊያደርገው መቻሉ ያንተን ድርሻ አይቀንሰውም፤ ይደምረዋል እንጂ።

ሦስተኛው መልስ ግን ጠንካራ ነው፤ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ‹‹ሰው ያላየውን አይወድም፤ ያልወደደውን አይጠብቅም። ፎቶው ነው ወፏን የሚያድናት›› ይላሉ። በብዙ መልኩ እውነት አላቸው። ከከተማ ወጥቶ የማያውቅ ሕፃን በአንድ ጥሩ ፎቶ ምክንያት ወፍ ወዳጅ ሆኖ ሊያድግ ይችላል። ግን ፎቶ አንድ ጠባይ አለው፤ የተነሳበትን መንገድ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2009 በለንደኑ የዓመቱ የዱር እንስሳት ፎቶ ውድድር አንደኛ የወጣው በሌሊት አጥር የሚዘል ተኩላ ነበር። በጥር 2010 ዳኞቹ ተኩላው ለማዳ ሳይሆን አይቀርም ብለው ሽልማቱን ሰረዙት። ያን ፎቶ አይቶ ያደነቀ ሰው ስለ ዱር ተኩላ ምን ተማረ? ከጎጆዋ የተባረረች እናት ፎቶም እንዲሁ ነው። ክንፏን ዘርግታ ስናያት ‹‹እንዴት ነፃ ናት!›› እንላለን። እሷ ግን እየሸሸች ነው።

ደግሞ ይህ ሁሉ ዛሬ የተፈጠረ የፈረንጅ ቅንጦት እንዳይመስለን። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት የዱር እንስሳት ሕግ፣ በልዩ ጥበቃ ሥር ያሉ ወፎችን ጎጆ ላይ ሳሉ ያለ ፈቃድ መረበሽ ወንጀል ነው፤ ለፎቶም ቢሆን። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22ን የገለጠ ሰው ግን ከዚያ እጅግ የቀደመ ሕግ ያገኛል። በመንገድህ የወፍ ጎጆ ብታገኝ፣ እናቲቱም ጫጩቶቿን ወይም እንቁላሏን ታቅፋ ብታይ፣ እናትን ከልጆቿ ጋር እንዳትወስድ የሚያዝ ነው። ለተራበ መንገደኛ እንኳ ወሰን ተበጅቶለታል። በጣም የሚገርመው ደግሞ የተስፋው ቃል ነው። አባትና እናቱን ለሚያከብር ሰው የተሰጠችው የመልካም ኑሮና የረጅም ዕድሜ ተስፋ ለዚህችም ትእዛዝ ተሰጥታለች። ወላጅን ማክበርና በወፍ ጎጆ ፊት ራስን መግታት በአንድ ዋጋ ተመዝነዋል። ያ መንገደኛ የሚበላው አልነበረውም፤ የኛው መንገደኛ ቁርሱን በልቶ ነው የመጣው።

አሁን ወደ ከባዱ ምሳሌ እንሂድ። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ አዲስ ዓለም አጠገብ፣ በርጋ የሚባል ረግረጋማ ሜዳ አለ። በክረምት ውኃው ሲሞላና ሣሩ ሲያድግ አንዲት በጣም ትንሽ፣ ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት ወፍ እዚያ ትራባለች። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ወፎች ከ250 እንደማይበልጡ ይገመታል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ ገብታለች። ይህች ወፍ አትታይም። ኑሮዋ ሣር ለሣር ነው፤ ብትሰማችሁም በእግሯ ተሹለክልካ ትሄዳለች እንጂ አትበርም። በዓይን የምትታየው እንግዲህ እግር ሊረግጣት ሲደርስ ብድግ ስትል ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ለጥቂት ሰከንድ።

ተመልከቱ እንግዲህ። ለሌሎቹ ወፎች ‹‹ሳታነሳት ፎቶዋን አንሳ›› እንላለን። ይህችን ግን ሳያነሷት በካሜራ ይዞ ጠብቆ ማንሳት የማይታሰብ ነው። የሚረገጠው ሣር ደግሞ ጎጆዋ ያለበት ሣር ነው፤ የሚረገጥበትም ወር የምትራባበት ወር ነው። በዓለም ዙሪያ ዝርዝር የሚይዙ ሰዎች አሉ፤ ይህችን ለማየት ብለው ከሌላ አህጉር የሚበርሩ። አስጎብኚው ምን ይበላቸው?

‹‹ይከልከል፣ ማንም አይሂድ›› ብሎ መገላገል ይቻል ይሆናል። ግን የበርጋን ሜዳ ማን ነው የያዘው? ገበሬው ነው። ከብቱ ሣር ይፈልጋል፣ እሱም ድርቆሽ ያጭዳል፣ ልጁም ትምህርት ቤት ይፈልጋል። በርጋ ላይ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከነዋሪው ጋር ሆኖ የሠራው ሥራ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው፤ ወፏን የሚጠብቃት ጎረቤቷ እንጂ እንግዳው አይደለም። ጎረቤቷ ግን ‹‹ይህች ወፍ ለእኔ ምን አደረገችልኝ?›› ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። የእንግዳው ገንዘብ አንዱ መልስ ነበር። እንግዳው ጨርሶ ካልመጣ ሜዳው ይታረሳል፣ ውኃው ይጠነፈፋል። እንግዳው መጥቶ ደግሞ እንዳሻው ከረገጠው ወፏ ትሄዳለች። ሁለቱም ያው መጥፋት ነው።

መውጫው ታዲያ የት ነው? በደቡብ አፍሪካ ሚድልፑንት በሚባል ረግረግ ተመራማሪዎች ይህንኑ ወፍ ያለ ሰው የሚያነሳ ካሜራ ሣር ውስጥ ተክለው፣ ትተው ሄዱ። ወፏ በራሷ ጊዜ፣ በራሷ እግር ከካሜራው ፊት አለፈች። በ2010ዎቹ መጨረሻ እዚያም እንደምትራባ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ማንም ሳያነሳት ተነሳች። ይህ ዘዴ ለቱሪስት አይሆንም፤ ሰውየው ጣቱ መጫን ይፈልጋል። ግን አንድ ነገር ያስተምረናል። ሰው ራሱን ከመካከል ሲያወጣ የሚታየው ነገር ይበዛል እንጂ አያንስም።

ሁለተኛው መውጫ የሚጠይቀው ካሜራ ሳይሆን ጠባይ ነው። በርጋ ሄዶ፣ ለነዋሪው የሚገባውን ከፍሎ፣ ሜዳው ዳር ቆሞ፣ ‹‹እዚህ ሣር ውስጥ ከዓለም ጥቂቷ ወፍ ቤቷን ሠርታለች›› ተብሎ፣ ሣሩን አይቶ መመለስ። ‹‹ሣር ፎቶ ላነሳ ነው ይህን ሁሉ የከፈልኩት?›› የሚል ይኖራል። አዎ፣ ለእሱ ነው የከፈልከው። ሐውልት ሥር ቆመን የሞተን ሰው አጥንት አውጡልን አንልም። መኖሩን አውቀን፣ ቦታውን ረግጠን፣ አክብረን እንመለሳለን። ለሞተው ያደረግነውን በሕይወት ላለችው ማድረግ ያን ያህል ይከብዳል?

ሁሉንም በአስጎብኚው ጫንቃ ላይ መጫን ግን ግፍ ነው። ነገሩን ከሰው ሐኪም ጋር እናስተያየው። በአገራችን ‹‹መርፌ ካልወጋኝ ምኑን ሐኪም ሆነ!›› የሚል በሽተኛ ሞልቷል። ለጉንፋን መርፌ አያስፈልግህም ብሎ የሚመልሰው ሐኪም ‹‹አያውቅም›› ይባላል፤ እንደጠየቁት የሚወጋው ‹‹እጁ መድኃኒት ነው›› ይባላል። እንዲህ ባለ አገር ሐኪሙ ሲበላሽ የበሽተኛውም እጅ አለበት። አስጎብኚውም እንዲሁ ነው። ‹‹አይሆንም›› ያለውን በባዶ እጅ፣ ‹‹እሺ›› ያለውን በወፍራም ፖስታ የሚሸኝ ደንበኛ፣ በሚቀጥለው ወር ጎጆ ላይ የሚቆመውን አስጎብኚ በገዛ ገንዘቡ አሠልጥኖ ነው የሚሄደው።

ስለዚህ ሥራው መጀመር ያለበት ወፏ ሳትታይ፣ ገና መኪና ውስጥ ነው። ወፏን ካዩ በኋላ ሰው ምክር አይሰማም፤ ጣቱ ካሜራው ላይ ነው። አስጎብኚው ጠዋት ‹‹ጎጆ አንጠጋም፣ የወፍ ድምፅ አናጫውትም፣ ጉጉት ላይ ብልጭታ አናበራም፤ እኔ ይብቃ ስል ሁላችንም እንመለሳለን›› ቢል፣ ደንበኛው ‹‹እሺ›› ለማለት ምንም አይከብደውም። ድርጅቱም ይህንን ከዋጋው ጎን ቢጽፈው አስጎብኚው ብቻውን አይቀርም። አስጎብኚዎቹም እርስ በርሳቸው ተነጋግረው አንድ ቃል ቢይዙ፣ አንዱ የከለከለውን ሌላው እየፈቀደ ደንበኛ የሚነጥቅበት በር ይዘጋል። ደንበኛው ደግሞ አስጎብኚ ሲመርጥ ‹‹ምን ያሳየኛል?›› ብቻ ሳይሆን ‹‹ምን ይከለክለኛል?›› ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው። መልስ የሌለው አስጎብኚ ሌላም ዕውቀት ይጎድለው ይሆናል።

ጀማሪው በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። ካሜራ መያዝን ከመልመዱ በፊት ርቀት መጠበቅን ሊለምድ ይችላል። ርቀቱን የምትወስነው ወፏ እንጂ ሌንሱ አለመሆኑን በመጀመሪያው ማለዳ የተማረ ሰው፣ ነገ ትልቁን ሌንስ ሲገዛም አይረሳውም። ፎቶው ላይ ወፏ ጤፍ ታህል ይሆናል። ትሁና! ዙሪያዋን ያለው ሣር፣ ውኃው፣ ጭጋጉ አብሮ ይታያል። ቤቷ ነው። ወፍ ከነቤቷ ስትታይ ደግሞ ማን እንደሆነች ይበልጥ ይታወቃል።

አንድ ቀን አስጎብኚያችን ጎህ ሲቀድ መኪናውን አስቁሞ፣ በጣቱ ወደ ሣሩ እያመለከተ ‹‹ዛሬ ወፍ አለ፤ ፎቶ ግን የለም›› ቢለን ምን እናደርጋለን? አንዳንዱ ያኮርፍ ይሆናል። ይህ ሰው ግን በዚያች ዓረፍተ ነገር የዕለት ጉርሱን አስይዞ እውነት ተናግሯል። ጉርሻ የሚገባው ሰው ካለ፣ እሱ ነው።